ትልቅ ሰው አምጪ

ልጅ በነበርኩበት ዘመን ጊንጪ ውስጥ የመጀመሪያ ሴት ልጅ መሆን ግማሽ እናት መሆን ነበር። ሰኞ ማክሰኞ የተጫወትኩት ታናሽ ወንድሜን ናኦልን አዝዬ ነው። በአንድ እግሬ በዘለልኩ ቁጥር ጀርባዬ ላይ እየተንከተከተ ይስቃል፣ ሹሩባዬን ይዞ ይጎትታል። የክረምቱ ጭቃ፣ ከጭልሞ ጫካ በኩል የሚመጣው የእርጥብ እንጨት ሽታ፣ ናኦል አንገት ላይ የደረቀው ወተት ዛሬም ይሸተኛል።

ወደ ሰባተኛ ክፍል ባለፍኩበት ክረምት ናኦልን ሳል ያዘው። እናቴ ለቅሶ ልትደርስ አምቦ ሄዳ ነበር፤ አባቴም ሹፌር ስለሆነ ከቤት አይገኝም። የሚጠብቁን የአባቴ ታላቅ እህት አዴ ጫልቱ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ያከብራቸዋል፤ እሳቸው ከተናገሩ በኋላ የሚናገር አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ሳሉ ቀነሰ። አዴ ጫልቱ ተሻለው አሉ። እኔ ግን ደስ አላለኝም። ሳዝለው ሹሩባዬን አልያዘም። ጡጦውን ስሰጠው ትንሽ ስቦ ፊቱን አዞረ። ሆዱን እፍ ስለው የሚፈነድቀው ልጅ ዝም ብሎ አየኝ። ሹራቡን ስገልጠው፣ በተነፈሰ ቁጥር ከጎድኑ በታች ያለው ሥጋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ አፍንጫው ይርገበገባል። የበሽታውን ስም አላውቅም ነበር፤ ናኦልን ግን አውቀዋለሁ።

«ጤና ጣቢያ እንውሰደው» አልኳቸው።

«እንጥሉ ነው፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «የምትቆርጥለትን ሴትዮ አስጠርቻለሁ።»

«እንጥሉ አይደለም። ደረቱን ይዩት።»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉና ሴትዮዋን ሊቀበሉ ወደ ደጅ ወጡ።

የእናቴን ስልክ ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አይነሳም። ናኦልን በጋቢ ጠቅልዬ በጓሮ በኩል ወጣሁ። አላዘልኩትም፤ ትንፋሹን እየሰማሁ መሄድ ስለፈለግኩ ደረቴ ላይ ያዝኩት። አዴ ጫልቱ ከኋላዬ «ኩለኒ፣ ተመለሺ» እያሉ ሲጣሩ ጎረቤት ሁሉ ሰማ። በሕይወቴ ታላቅ ጠርቶኝ ሳልዞር ስቀር ያ የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ ለእሱም አልተመለስኩም።

ጤና ጣቢያ ስደርስ የካርድ ክፍሉ ሰውዬ በመስኮቱ ቁልቁል አየኝና «ትልቅ ሰው አምጪ» አለኝ።

«ትልቅ ሰው እኔ ነኝ» አልኩት፤ የናኦልንም ሹራብ ገልጬ አሳየሁት።

ሰውዬው ደረቱን እንዳየ ከክፍሉ ወጥቶ ነርሷ ዘንድ አደረሰን። ነርሷ መጥባት ያቆመው መቼ እንደሆነ፣ አስመልሶት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም መለስኩላት። «የሳንባ ምች ነው» አለችኝ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚነገረው። ኦክስጅን አደረገችለት፤ መርፌ ወጋችውና አምቦ ሆስፒታል የሚወስደን አምቡላንስ አስጠራች። አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን እየጎተቱ ሲደርሱ ሊቆጡኝ አፋቸውን ከፍተው ነበር። ጭንብሉን ናኦል ፊት ላይ ሲያዩ ግን አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ።

እናቴ ወሬው ደርሷት አምቦ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠበቀችን። ለቅሶ የደረሰችበትን ጥቁር እንደለበሰች ነበረች። ሳያት ጥቁሩን ለናኦል የለበሰችው መሰለኝ። በነጋታው ግን ናኦል ጡጦውን ነጠቃችሁኝ ብሎ ክፍሉን በጩኸት ሞላው። የዚያን ዕለት እንደሱ የሚጣፍጥ ድምፅ አልነበረም።

አሁን ናኦል ቁመቱ ትከሻዬ ጋ ደርሷል። ጊንጪ በባጃጅ ተሞልታለች፤ አምቦ ያለች እናት የልጇን ፊት በስልክ ታያለች። «ልጅ ምን ያውቃል» የሚለው ንግግር ግን ዛሬም እንዳለ ነው። አዴ ጫልቱም በዓል በመጣ ቁጥር «ያኔ እኛ ባናደርሰው ኖሮ» እያሉ ለእንግዳ ያወራሉ። ለዓመታት አክብሬያቸው ዝም አልኩ። ዘንድሮ ግን «እኛ አይደለንም አዴ፣ እኔ ነኝ፤ እርስዎ እምቢ ብለው ነበር» አልኳቸው። እናቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ፤ አዴ ጫልቱ ደፋር አሉኝ። ይበሉኝ። እወዳቸዋለሁ፤ በበዓልም ጉልበታቸውን እስማለሁ። ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ ግን አሁንም ፈቃዳቸውን አልጠይቅም።