የማይቀመጠው እንግዳ

ጋሽ ደረጃ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነበር፤ ማን ያስታውሰዋል! ወንበር ሊያሠራ የመጣን ደንበኛ ከሱቁ በስተኋላ ያለውን የአራት ፎቅ ደረጃ ሁለት ጊዜ ሳያስወጣና ሳያስወርድ ሜትሩን ከኪሱ አያወጣም። «ሰው ካልደከመው ወንበሩ አይታወቅም» ባይ ነው። ደንበኛው እያለከለከ ሲመለስ ወገቡን ይያዝ ጉልበቱን ይሽ አይቶ ጣውላ ይመርጥለታል። ሠላሳ አምስት ዓመት እንዲህ ሠርቶ አንድም ወንበር አልተመለሰበትም። ልቡ ቢያብጥ አይፈረድበትም።

ሚስቱ ግን እዚያው ሱቅ ውስጥ እንጨት ስታለሰልስ የምትውለው የሚስማር ሳጥን ላይ ተቀምጣ ነው። ወንበር ሥራልኝ ስትለው መልሱ «ነገ» ነው። ነገ ደግሞ አያልቅም።

ከሰማይ የወረዱት እንግዶች መሐል ከተማ ባረፉ በአራተኛው ቀን፣ የመንግሥት መኪና ሱቁ በር ላይ ቆመ። አንዲት ሴት ላብ በላብ ሆና ወረደች።

«ጋሼ፣ የሚኒስትሩን ወንበር የሠሩት እርስዎ ነዎት አሉ። የእንግዶቹ አለቃ አልቀመጥ አለን! አሥራ ሁለት ወንበር አቀረብንለት፤ ሁሉንም ዞሮ አይቶ ተገተረ። መርከባቸውን ማሞቅ ጀምረዋል፤ አንድ ቃል ሳንነጋገር ሊሄዱብን ነው።»

«ለኔ ሳይሠራ ለሰማይ ሰው!» አለች ሚስቱ ከሳጥኗ ላይ። «በል ሂድ፤ እሱንም ነገ እንዳትለው ብቻ።»

ሲደርሱ እንግዳው የመንግሥቱ አዳራሽ መሐል እንደ ቁም ሣጥን ቆሟል፤ አራት እግር፣ አንገት የሌለው ራስ። ጋሽ ደረጃ አልደነገጠም። ደንበኛ ያው ደንበኛ ነው። ሹማምንቱ ስለ ክብር ሲጨቃጨቁ እሱ የአዳራሹን ደረጃ በጣቱ አሳየና ቀድሞ መውጣት ጀመረ። እንግዳው ተከተለው።

«ኧረ ሰውዬው አበደ!» አለ አንዱ ሹም።

ሁለተኛውን ዙር ወርደው ሲጨርሱ እንግዳው ወደ ግድግዳው ሄዶ ግራ ጎኑን አስጠጋ። ግድግዳው አልመች ሲለው ተንሸራተተ፤ ደግሞ አስጠጋ።

«አያችሁ?» አለ ጋሽ ደረጃ። «የሚፈልገው መቀመጥ አይደለም፤ መደገፍ ነው። መቶ ወንበር ብትደረድሩለትም ከንቱ ድካም ነው።»

መሣሪያውን አስመጥቶ እዚያው ሠራለት፤ ሰፊ፣ ዘንበል ያለ፣ ጎን የሚያቅፍ መደገፊያ። እንግዳው ተደገፈ። ረጅም ትንፋሽ ወጣው፤ አራቱም እግሮቹ ላሉ። ውጭ የመርከቡ ጩኸት ቆመ፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናጋ።

እንግዳው ግን ወደ ዳር ሸሸት አለና ባዶውን ግማሽ መታ መታ አደረገ። ጋሽ ደረጃ መጀመሪያ አልገባውም። ያን ሁሉ ደረጃ እሱም ወጥቶ ወርዷል፤ ግማሽ ቀን ቆሞ ጣውላ ልጓል። ድካሙን ከዚህ ፍጥረት በቀር ያየለት አልነበረም። ሄዶ አጠገቡ ተደገፈ። እንባው መጣ፤ አላፈረበትም።

ሱቁ ሲመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሚስቱ ልትቀበለው ከሳጥኑ ላይ ተነሳች፤ እጇን ጭኗ ላይ ተክላ፣ ከንፈሯን ነክሳ። ስንት ዓመት እንዲህ እንደተነሳች አያውቅም። ሜትሩን ከኪሱ አወጣ።

«ደረጃውን ልውጣልህ እንዴ?» አለች እየሳቀች።

«አንቺ ስትወጪ ነው የኖርሽው» አለና ተንበርክኮ ከወለሉ እስከ ጉልበቷ ለካ።