ገበር የገባለት ጭምብል

ሰፈሩ ሁሉ «አባ ቶሎ» ነው የሚላቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው በር ላይ እንደቆመ ተቀብሎ ይሄዳል። ቁጭ የሚሉት የስፌት መኪናቸው ፊት ብቻ ነው፤ እዚያም እግራቸው አያርፍም።

እኒህን ሰውዬ ነው የጉሮሮ ካንሰር የጨረር ጠረጴዛ ላይ ያጋደማቸው። በልካቸው የተቀረጸ፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ የፕላስቲክ ጭምብል በየቀኑ ፊታቸው ላይ ይቆለፋል። ከሠላሳ አምስቱ ቀን ሃያ ሁለቱ አልቋል።

ምግብ አልዋጥ ሲላቸው ሰውነታቸው ከሳ። ጭምብሉ ላላ። ቢናገሩ አዲስ ሊሠራ ነው፣ ቀን ሊባክን። የጨረር ማሽኑ ባለፈው ሳምንት ተበላሽቶ ሁለት ቀን በልቶባቸዋል፤ ዶክተሯም «ሕክምናው ሲቆራረጥ ዕጢው ጉልበት ያገኛል» ብላ አስፈራርታቸዋለች። ስለዚህ ተራ ሲጠብቁ፣ ጭምብሉን ከመደርደሪያው አወረዱና ከኮት የተረፈ ገበር በሁለት መርፌ ጠቅ ጠቅ አደረጉበት።

ጠረጴዛው ላይ ሆነው የጨረር ባለሙያዋን ድምፅ ከማጉያው ሰሙ። «አባባ፣ ምስሉ አልገጠመም። አገጭዎ ከቦታው ሸሽቷል።» ገብታ መቆለፊያውን ፈታች፤ ገበሩን አየች። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ላልቶ ነበራ! ገበር አስገባሁለት።»

«አባዬ!» አለች ልጃቸው ከበሩ። «ኮት መሰለህ?»

ባለሙያዋ ሳቋን ዋጠች። «ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተዛነፈ እኮ ጨረሩ ዕጢውን ስቶ ህብለ ሰረሰርዎን ነው የሚያገኘው።»

«ያ ፕሮቶን የሚሉት ጨረርስ?» አለች ልጅቷ። «ቁም የተባለበት ቦታ ላይ ይቆማል አሉ።»

«ይቆማል። ሰውነቱ ከከሳ ግን እሱም ይስታል። ልክ የማይፈልግ ማሽን የለም፣ እህቴ።»

አባ ቶሎ አላስቻላቸውም። «ስንት ቀን ልትበይብኝ ነው?»

«ሁለት። እንደላላ ቢነግሩን ኖሮ ቅዳሜና እሑድ ይሠራልዎት ነበር፤ አንድም ቀን አይጠፋም ነበር።»

አባ ቶሎን ፍጥነታቸው እንዲህ ጉድ ሠርቷቸው አያውቅም። ሁለቱን ቀን ቤት ውስጥ ሲንጎራደዱ፣ ያልተቀደደ ሲጥፉ ዋሉ።

በሦስተኛው ቀን አዲሱ ጭምብል መጣ። በጣታቸው አንገቱን ለኩት።

«ሲላላ ይናገራሉ?» አለቻቸው ባለሙያዋ።

«ቶሎ! ጨርቄን ግን መልሺልኝ፤ ኪስ ይወጣዋል።»

ተቆለፈ። መተንፈስ እንጂ መንቀሳቀስ የለም። ከታች ግን እግራቸው የሌለ የስፌት መኪና ይረግጥ ጀመር።

«ገጥሟል፣ አባባ» አለ ማጉያው። «ሃያ ሦስተኛው ቀን።»