ዳግም የተረገጠው ባና

ሞላ የሚነዳት ነጭ ቫን ደብረ ታቦር ውስጥ በድምፅዋ ትታወቃለች። ከኋላዋ የምንጣፍ ማጠቢያ ማሽን ተጭኖባታል፤ ማሽኑ ሲነሳ ጩኸቱ ሦስት ሰፈር ያዳርሳል። ባጃጅ ነጂዎቹ «ወፍጮ ቤቱ መጣ!» ይላሉ። ሞላ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ስለሆነ፣ ማሽን ጮኸ አልጮኸ ግድ የለውም፤ ይሥራ እንጂ።

ቫኗ ከመምጣቷ በፊት ምንጣፍ ይታጠብ የነበረው በሚስቱ በፈንታነሽ እግር ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ምንጣፉን ድንጋይ ላይ ትዘረጋለች፣ ኦሞ ትነሰንሳለች፣ ቀሚሷን ሰብስባ ትረግጣለች። ሞላ ከጋራዥ ሲወጣ ያግዛታል፤ የቀኑ ሥራ ግን የእሷ ነው። ከጉና ተራራ በኩል የሚወርድ ውሃ በጋም ክረምትም ያው ነው፣ አጥንት ይገባል። መጀመሪያ ጉልበቷን አመማት፤ ቀጥሎ ደረቷን። ሐኪሙ «ከውሃ ራቂ» አላት።

«ከውሃ ርቄ ምን ልሥራ? ልመንኩስ?» አለች ወደ ቤት ሲመለሱ፣ እየሳቀች።

ሞላ አልሳቀም። ብዙ ሳይቆይ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ የጽዳት ድርጅት ሲዘጋ የሸጠውን ቫን ከነማሽኑ ይዞ መጣ። ማሽኑ ዝጓል፣ ቺንጋው ተበጣጥሷል፣ ማሞቂያው ውስጥ አይጥ ወልዳለች። ፈንታነሽ ነጠላዋን አጣፍታ ቫኗን ዞር ዞር ብላ አየቻት።

«ይቺ ናት ከውሃ የምታወጣኝ?»

«እሷ ናት።»

«እሷንስ ማን ያወጣታል?»

አጥር ለአጥር የምትኖረው ታናሽ እህቷ ብርቱካንም አልተወችውም። «ግድ የለሽም እቴ፣ ምንም ባይሆን ዶሮ እናሳድርባታለን።»

የማሽኑ አሠራር ከባድ አይደለም። የቫኗ ሞተር በቺንጋ ፓምፑንና መምጠጫውን ያዞራል። ፓምፑ ውሃውን በጋዝ በሚነድ ማሞቂያ በኩል አሳልፎ ወደ ምንጣፉ ይገፋዋል፤ መምጠጫው ቆሻሻውን መልሶ ይስባል። ችግሩ ማሽኑ የተሠራው ለዝቅተኛ አገር መሆኑ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ እሳቱ ጥላሸት ይተፋል፣ መምጠጫውም ያለከልካል። ሞላ ጋዝ የሚረጨውን አፍንጫ በጠባብ ለወጠው፤ አየር ማስገቢያውን አሰፋ። የመምጠጫውን ፑሌጃ፣ ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ፣ በትንሽ ቀይሮ ፍጥነት ጨመረለት። የዛገውን የውሃ ታንከር አውጥቶ ሮቶ አሰረበት።

አንድ ነገር ግን እምቢ አለው። ማሞቂያው ውስጥ የፈላው ውሃ በረጅሙ ቱቦ አልፎ ምንጣፉ ዘንድ ሲደርስ ለብ ይላል። መንገድ ላይ ብርዱ ይበላዋል።

መላውን ያመጣችው ፈንታነሽ ናት። ጉና ካሉት ከአባቷ ከአያ ዘውገ አንድ ጆንያ የበግ ጠጉር አስላከች። ያኔ ብዙ መቆም አትችልም ነበር። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጠጉሩን ቱቦው ላይ ጠመጠመች፤ ከላዩ ሸራ አልብሳ በወፍራም ክር፣ ክንድ በክንድ፣ እስከ ጫፉ ሰፋችው።

«በል፣ ቱቦህ ጋቢ ለበሰ፤ ከእንግዲህ በረደኝ ቢልህ ውሸቱን ነው» አለችው።

እውነቷን ነበር። ውሃው እየፈላ ደረሰ። በመጀመሪያው ሥራ ቀን ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ከመምጠጫው የሚወጣውን ጥቁር ውሃ አየችና «ይሄን ነው ለካ ስረግጠው የኖርኩ!» አለች። ሌላ ምንጣፍ ሲታጠብ አላየችም። በጥቅምት መጨረሻ አረፈች።

ለቅሶው ላይ አያ ዘውገ የተቀመጡት ራሳቸው በሸመኑት ባና ላይ ነበር። በእጃቸው ከሸለቱት የበግ ጠጉር ለፈንታነሽ ሠርግ የሠሩት ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ ሲነጠፍም ሲለበስም ለሁለት ሰው የሚተርፍ። ፈንታነሽ በዓመት አንድ ጊዜ በወንዝ ውሃ ለስለስ አድርጋ አጥባ ጥላ ላይ ታሰጣው ነበር፤ ለሌላ ሰው አትሰጥም። «እኔን ቀዝቃዛ ውሃ ጎዳኝ፣ እሱን ደግሞ ሙቅ ነው የሚጎዳው» ትል ነበር። ሽማግሌው ሊሄዱ ሲነሱ ባናውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ለአርባዋ ስመጣ እዚህችው ላይ ነው የምቀመጥ። ሌላ እንዳታነጥፉልኝ።»

«እሺ፣ አያ ዘውገ» አለ ሞላ።

ባናው ግን ለቅሶ ደራሽ ሲመላለስበት ከርሟል። ጭቃ ደርቆበታል፣ ሻይ ፈሶበታል፣ ጧፍ ተንጠባጥቦበታል። ተዝካሩ ሲቃረብ ብርቱካን ልትወስደው መጣች።

«ስጠኝ፣ ወንዝ ወርጄ ላምጣው።»

«ወንዝ የሚባል ነገር የለም።»

«የእሷን ባና በምን ልታጥበው ነው ታዲያ?»

«በማሽኑ። እሳቱን አጠፋና በቀዝቃዛው አጥበዋለሁ። ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ማንም ሰው እግሩን ወንዝ አይነክርም፣ ብርቱካን።»

ፊቱን አይታ ባናውን ትታለት ሄደች።

በማግሥቱ ሞላ በማለዳ የአንድ ሆቴል ምንጣፍ አጥቦ ሲመለስ ባናውን ግቢው ላይ ዘረጋው። የማሞቂያውን እሳት አጠፋ። እጁን ሮቶው ውስጥ ከተተ፤ ውሃው ውርጭ ነው። በቃ፣ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ጀመረ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ማሞቂያው ራሱ ግለቱን ይዞ እንደሚቆይ ያውቃል፤ ሁልጊዜም የሞቀውን ውሃ መጀመሪያ ደጅ ላይ ያፈሰዋል። ያን ቀን ጥቂት አፈሰና ተወው። ጠጉር የለበሰ ቱቦ ሙቀቱን ያን ያህል ያቆያል ብሎ አላሰበም። ከባናው ላይ እንፋሎት ሲነሳ አይቷል፤ ነገር ግን በኅዳር ማለዳ እዚህ አገር የማይጨስ ነገር የለም፤ የጉድጓድ ውሃም፣ የሰው ትንፋሽም ይጨሳል። ሳሙናውን ረጨ፣ ወደፊት ገፋ፣ ወደኋላ ሳበ። ጧፍ የነካውን ቦታ አጥብቆ ሊፈትግ ተንበረከከ።

ጉልበቱን ሞቀው።

ወዲያው ማሽኑን አጠፋ። ባልዲ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰበት። ባናው ግን ጫፍና ጫፉን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር። ጥላ ላይ ሲደርቅ ስፋቱ በግማሽ ቀረ፤ ልስላሴው ሄዶ እንደ ኮርቻ ምንጣፍ ደረቀ። ብርቱካን በክንዷ ለካችው፣ ደግማ ለካችው። ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ዓይኗ ሙቀቱን ባቆየው ቱቦ ላይ አረፈ።

«ስፌቱ የእሷ ነው እኮ» አለች። ከዚያ ወደ ቤቷ ገባች።

አያ ዘውገ በተዝካሩ ቀን ማለዳ ደረሱ፤ እስከ ጋሳይ ከተማ በበቅሎ፣ ከጋሳይ በሚኒባስ። ዳሱ ውስጥ የሱቅ ምንጣፍ ተነጥፎላቸዋል። አልተቀመጡም።

«የታለ?»

ሞላ የሚሰጠውን ምክንያት ሲያወጣ ሲያወርድ ነው ያደረው። አንዱንም አልተናገረም፤ ባናውን አምጥቶ በእጃቸው ላይ አኖረው። ዓይናቸው ደክሟልና በጣታቸው ጨበጥ ለቀቅ አድርገው መረመሩት።

«ረገጥኸው።»

«አልረገጥሁትም፣ በማሽኑ ነው…»

«ተረግጧል እኮ ነው የምልህ! ሸምኜ ስጨርስ በሙቅ ውሃ ረግጬዋለሁ፤ እኔና እናቷ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ጠጉሩ እስኪያያዝ። አንድ ጊዜ ነው የሚረገጥ። ከዚያ ወዲያ ሙቅ አይነካውም። አንተ ደገምኸው።»

«ብንወጥረውስ? አራቱን ጫፍ በካስማ ወጥረን፣ ውሃ እየነከርን፣ ቀስ በቀስ…»

«ሞላ።»

«ወይ፣ አያ ዘውገ።»

«አይመለስም።»

ሞላ ራሱን አቀረቀረ። ከዚያ እንዴት እንደሆነ ነገራቸው፤ እሳቱን ማጥፋቱን፣ ሮቶውን መንካቱን፣ ቱቦውን። ሽማግሌው ቱቦውን ልይ አሉ። ቫኗ ዘንድ ወሰዳቸው። ሸራው የተቀደደበት ቦታ ጣታቸውን አስገብተው ጠጉሩን ነካ አደረጉ።

«የኔ በግ ነው።»

«አዎ። እርስዎ የላኩት ነው። የሰፋችው እሷ ናት።»

ስፌቱን ተከትለው በጣታቸው እየዳሰሱ ጥቂት ሄዱ። «እጇ እንደ እናቷ ነው፤ አይላላም» አሉ። ቱቦውን ይዘው እዚያው ቆሙ። ካህናቱ ፍትሐት ሲጀምሩ ብርቱካን መጥታ በክንዳቸው ደግፋ ወሰደቻቸው።

የተቀመጡት በባናው ላይ ነው። ቃላቸውን አልለወጡም። ጉልበታቸው ከባናው አልፎ ሣሩ ላይ ወጣ።

ሕዝቡ ሲበተን ባናውን ጠቅልለው አነሡት። ድሮ በበቅሎ የሚጫን ነበር፤ አሁን ብብት ውስጥ ገባ። ሞላ ይዘውት የሚሄዱ መስሎት መንገድ ለቀቀ። እሳቸው ግን ለእሱ ዘረጉለት።

«ለሁለት ሰው ነበር የሸመንኩት። አሁን ለአንድ ሰው ነው የሚሆን። ያዝ።»

ሞላ ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ላይ ሌላ መስመር አውጥቷል። ከሮቶው የሚነሳ፣ ማሞቂያው አጠገብ የማይደርስ፣ ምንም ያልለበሰ ቱቦ። ሱፍ ሲመጣለት በእሱ ያጥባል፤ ውሃውንም የሚነካው ከሮቶው ሳይሆን ከቱቦው ጫፍ ነው። የድሮውን ቱቦ ግን አልጣለውም። ሸራው ሲተረተር ብርቱካን ትሰፋለታለች፤ ፈንታነሽ በመርፌ በበሳችው ቀዳዳ እያሳለፈች።

ሞላ አልጋው ላይ ባናውን ለብሶ ነው የሚተኛ። ትከሻውን ሲሸፍንለት እግሩ ይወጣል። ብርቱካን ብርድ ልብስ አምጥታለት ነበር፤ ታጥፎ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው።