ደጄን እንዳትረግጥ ያልኩት ሰው

ይህ ነገር ከደረሰ ዘንድሮ ሁለት ዓመት አለፈው። ዓርብ ዓርብ፣ ከተማችን አርብ ገበያ በሰው ሲሞላ፣ ሳላስበው ስፌቱን አቁሜ ወደ ውጭ አያለሁ። «ምን ታያለህ?» ይሉኛል። «ምንም» እላለሁ። ዛሬ ግን ልናገረው።

ልብስ ሰፊ ነኝ። አያሌው የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ ከከተማው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ የሚኖር ገበሬ ነው። ሁለታችንም የአረቄ ወዳጆች ነበርን። ወዳጆች ስል አሳንሼው ነው፤ ጠዋት አፋችንን የምናሟሸው በሱ ነበር። አንድ ቀን አያሌውን ደም አስታወከውና እኔው ይዤው ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ምንም ሳይሸፋፍን «ጉበትህ ተጎድቷል፤ ከእንግዲህ ከጠጣህ ትሞታለህ» አለው።

ስንመለስ መኪና ውስጥ «ብቻዬን አልችለውም፤ አንተም ተውና እንጠባበቅ» አለኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ለገበያ ሲመጣ ሱቄ ይገባና «ተንፍስ!» እንባባላለን። እፍ! ሁለት ሽማግሌ ለመሆን የተቃረብን ሰዎች አፍ ለአፍ ስንሸታተት ያየ ሁሉ ይስቅብን ነበር።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። ነገሩ ይጥበቅ ብዬ አንድ ዓርብ «ቀምሰህ ደጄን ብትረግጥ በጊዮርጊስ ግዝት ይሁንብህ» አልኩት። እኔ ቀልድም ቁም ነገርም አድርጌ ነው ያልኩት። እሱ አልሳቀም። አማተበና «ይሁን» አለ። በኛ አገር ግዝት ካህን ካልፈታው ሰውን አስሮ ይይዛል።

ሰባት ወር ያህል ጸናን። ፊቱ ወዘና አወጣ፣ ሞፈር መጨበጥ ጀመረ። ሚስቱ እናና «ባሌን መለስክልኝ» ብላ መረቀችኝ።

ከዚያ እኔ ወደቅሁ። የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ አንድ መለኪያ ብቻ ብለው ሰጡኝ፤ አንዱ ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቀው። በማግስቱ ዓርብ ነበር። ነጭ ሽንኩርት አኝኬ ጠበቅሁት።

«ተንፍስ» አለኝ። ተነፈስኩ። አፍንጫውን ይዞ ሳቀ። «ኧረ ሽንኩርት! አረቄስ የለም። አንተ እኮ ብረት ነህ!» አለኝ። ያኔ «ወንድሜ፣ ወድቄያለሁ» ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። ጭራሽ «አንተም ጠንከር በል!» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት።

ወር ሳይሞላ አንድ ዓርብ ቀረ። በሚቀጥለውም ቀረ። ስደውል አያነሳም። አንዲት ደንበኛዬ «አያሌውንማ ጨው ሲገዛ አይቸዋለሁ፤ በሱቅህ ጓሮ በኩል ዞሮ ሄደ» አለችኝ። ጠጥቷል ማለት ነው! ደሜ ፈላ። እኔ፣ ሽንኩርት አኝኬ የዋሸሁት ሰውዬ፣ በሱ ተናደድኩ። «ራሱ ይምጣ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ሦስተኛው ዓርብም እንዲሁ አለፈ። ቅዳሜ መርዶው መጣ።

የሆነውን እናና ናት የነገረችኝ። ተዝካር ላይ ቀምሶ ኖሮ ከዚያ ማቆም አቃተው። በዚያ በሦስተኛው ዓርብ ጠዋት እንደገና ደም አስታወከው። እየተጎተተ ከተማ ገባ። ጤና ጣቢያ ቶሎ አይተው ሪፈር ጻፉለትና «አስታማሚ ይዘህ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂድ» አሉት። ከተማ ውስጥ ከኔ በቀር ሰው የለውም። ከጤና ጣቢያው በር ቆመው ቢጣሩ ሱቄ ይሰማል። እኔ ቀኑን ሙሉ እዚያው ተቀምጬ የሰው ሱሪ ሳሳጥር ነበር። እሱ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እናና «ምነው ወደሱ ሳትሄድ?» ብትለው «ግዝት አለብኝ። ደግሞስ እሱ እንዲያ ጸንቶ እኔ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» አላት። እንዳትደውልም ከለከላት። በማግስቱ ጎረቤት ቃሬዛ ሲያበጅለት አረፈ።

ለቅሶው ላይ ደረቴን ስደቃ ሰው «ወንድሙ ነው መሰል» ይል ነበር። ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ግዝት እንዲህ እንደዋዛ የሚነገር መሰለህ?» አሉኝ። ከዚያ ሽንኩርቱን ጭምር ለእናና እንድነግራት አዘዙኝ።

አርባው ካለፈ በኋላ ሄጄ ነገርኳት። ትጮሃለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ነበር። እስክጨርስ ሰማችኝ። «ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አለች። «ይኸን ለሱ ብትነግረው ኖሮ እየሮጠ ይመጣልህ ነበር።»

 

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀመስኩም። የሚያውቁኝ «ጎበዝ፣ አንተስ ተውከው» ሲሉኝ ያመኛል፤ በራሴ አፍራለሁ። እኔ አረቄ የተውኩት አያሌውን ከቀበርኩ በኋላ ነው።