ለመድኃኒት ጠርቻቸው ለለቅሶ መጡ

የፍኖተ ሰላም ፋርማሲዎች «የለም» ለማለት ወረቀት ማንበብ አያስፈልጋቸውም። ማዘዣውን ገና ከቦርሳዬ ሳላወጣ፣ ነጭ ጋወን የለበሰችው ልጅ ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «የለም» አለችኝ። «ምኑ?» ብላት «የፈለግሽው» አለች። የቀጣዩ ፋርማሲ ሰውዬ ጨዋ ነበር፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አንስቶ እንደ ራጅ ካገላበጠው በኋላ «ሰኞ ይገባል» አለኝ። የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልነገረኝም። ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ ባዶ እጄን ላለመመለስ ቫይታሚን ሊሸጥልኝ ሞከረ።

የምፈልገው ፒቲዩ የሚሉትን የእንቅርት ኪኒን ነበር። እንቅርት በኛ አገር ብርቅ አይደለም፤ የእናቴ ግን ከውስጥ ሆኖ ልቧን የሚያስጋልብ ዓይነት ነው። ኪኒኑን እየወሰደች ደህና ሴት ናት። ሲቋረጥባት በኅዳር ብርድ ጋቢዋን ወርውራ እግሯን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ትነክራለች፣ የሁለት ሰው ምግብ እየበላች ትከሳለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ያገኘችውን ሁሉ ትጣላለች። በዚያ ሳምንት ከእድሩ ዳኛ፣ ከአንድ ባጃጅ ነጂና ከጎረቤታችን አውራ ዶሮ ጋር ተጣልታ ነበር። ጥፋቱ የዶሮው እንደነበረ እስከ ዛሬ ትከራከራለች።

እኔም እስቅባት ነበር። ነገር ግን ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ልቧ ይህን ሩጫ ብዙ እንደማይችለው፣ ኪኒኑ በምንም ምክንያት እንዳይቋረጥ ነግሮኛል። መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ ከርሞ ወደ ከተማው የሚገባው መድኃኒት ሳስቶ ነበርና ተቋረጠ። ፍኖተ ሰላምን አዳርሼ ባዶ እጄን ስገባ ሳቄም አለቀ። ፈራሁ።

የቀረኝ ቡሬ ነበር። የእናቴ ታናሽ ወንድም እዚያ በቆሎ ይነግዳሉ፤ ቡሬ ደግሞ የነቀምቱም የአዲስ አበባውም መኪና የሚያልፍባት ከተማ ናት። ማልጄ ደወልኩላቸው፤ ረፈድ ካለ የአይሱዙውና የተሸካሚው ጩኸት አያሰማም።

«አጎቴ፣ እማን አሟታል። መድኃኒት አጥተንላት ነው፤ ቡሬ ይፈልጉልኝ። ማዘዣውን በቴሌግራም ልኬልዎታለሁ። ቶሎ ይምጡልኝ» አልኳቸው።

ከሳቸው ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ «ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ።

«ጎረቤቶች አሉ።»

«አይዞሽ ልጄ፣ በርች። መጣን።»

ስልኩ ሲዘጋ ደስ አለኝ፤ በመጨረሻ አንድ ቁም ነገረኛ ሰው አገኘሁ ብዬ። «መጣን» ያሉት ከማን ጋር እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

በኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ሰው ሲሞት ለሩቅ ዘመድ የሚነገረው «ትንሽ አሟታል፣ ብቅ በሉ» ተብሎ ነው። ዘመድ መንገድ ገብቶ፣ ደርሶ፣ እህል ቀምሶ፣ አድሮ፣ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ከበውት ነው መርዶውን የሚሰማው። ስለዚህ ዕድሜው የገፋ ጎጃሜ በማለዳ ስልክ የሕመም ወሬ ሲሰማ የሚያስበው ስለ ሕመም አይደለም። እኔም ራሴ ስንቱን እንዲህ እያልኩ አስመጥቻለሁ። የእውነት የታመመ ሰው ቢኖረኝ ምን ብዬ እንደምናገር ግን ያስተማረኝ የለም።

ረፋዱ ላይ እናቴ ግቢ ውስጥ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ጎመን ስትቀነጥስ ከመታጠፊያው በኩል የለቅሶ ጩኸት ተሰማ። እናቴ የማንም ይሁን የማን ለቅሶ አታልፍም። እግሯን እንኳ ሳታደርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ «ኧረ ወየው! ደግሞ ማን ሞተ?» እያለች ወጣች። ከኋላ ከኋላዋ ሮጥኩ።

መንገዱ ላይ የኮንትራት ሚኒባስ ቆሟል። የቡሬ ዘመዶቻችንና የአጎቴ ጎረቤቶች ይወርዱበታል፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፣ አንዱ ኬሻ ሙሉ ዳቦ ተሸክሟል። አጎቴ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ከፊት እየመሩ ሙሾ ጀምረዋል፦

«ጎተራዬ ቢሞላ፣ በቆሎው ቢቆለል...»

ሁለተኛውን ስንኝ ሊያወጡ አፋቸውን ሲከፍቱ እናቴ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። «ወንድሜን! ወንድሜን! ማን ሞተብን?» እያለች ታለቅሳለች።

የአጎቴ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየከሰመ ሄደ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ሆነው እሷን ያላዩት ብቻ ትንሽ ቀጠሉ። እናቴ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረች ብትጠይቅ የሚመልስላት ጠፋ። መርዶ በድንገት አይነገርማ! እንዲያውም አንዲት አሮጊት እጇን ይዘው «ኧረ ምንም አይዶለም፤ ግቢና መጀመሪያ እህል ቅመሽ» አሏት። ለራሷ ሞት ሊያረዷት እያዘጋጇት ነበር።

እሷ ግን ሞኝ አይደለችም። ዘመዶቿን አንድ በአንድ በዓይኗ ቆጠረቻቸው። የጎደለ የለም። ቀጥላ እኔን አየችኝ።

«እኔ ነኝ?» አለች።

ሁሉም መሬት መሬት አየ። እናቴ ነጠላዋን ገፍፋ ትከሻዋ ላይ ጣለችና ድምፅዋን ለቀቀችው። «ስሞት ጊዜ ሚኒባስ ኮንትራት ተይዞ፣ ዳቦ በኬሻ ተጭኖ ይመጣል! በቁሜ አንዲት ኪኒን ፈልጉልኝ ስትባሉ የት ነበራችሁ?»

«እታለም» አሉ አጎቴ፣ «ልጅሽ መድኃኒት ያለችው የምሯን ነው እንዴ?» ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። የላክሁላቸው ማዘዣ ሳይከፈት እንዳለ ነው።

ልትመልስላቸው ቃል ጀመረች፤ ትንፋሽ አጠራት። እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች። ደረቷን ስነካው ልቧ ከእጄ ሥር ሊያመልጥ ይዘላል፣ ፊቷ በላብ ርሷል። ለቀስተኛው በሙሉ ዙሪያዋን ከቦ ቆመ። እነዚህ ሰዎች በከንቱ አልመጡ ይሆናል የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ያን ሐሳብ እስካሁን እጠላዋለሁ።

አጎቴ ማዘዣውን ከፍተው «ፒ... ቲ...» እያሉ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ይኼኔ ሚኒባሱን ተደግፎ የቆመ ባለጋቢ ሰው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እሱማ እኔ ጋ አለ» አለ።

ሁላችንም ዞርን። ሰውዬው የአጎቴ ጎረቤት ነው፤ ፋርማሲው ከበቆሎ መጋዘናቸው ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። አንድ ደንበኛ አስመጥቶ ሳይወስደው የቀረ ፒቲዩ መደርደሪያው ላይ ነበረው። የጎረቤት እህት ሞተች ሲባል ፋርማሲውን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ለእናቴ ለቅሶ መጣ። ሚኒባሱም ቡሬ ላይ ለቀስተኛውን የጫነው እዚያው የፋርማሲው በር ላይ ቆሞ ነው።

እናቴ በዚያች በተቆራረጠች ትንፋሽ «ቁልፉን ይዘህ ነው የምታለቅስልኝ?» አለችው። ምስኪን፣ ምንም ሳያጠፋ ይቅርታ ጠየቃት።

አጎቴና ባለፋርማሲው በዚያው ሚኒባስ ወደ ቡሬ ከነፉ። ሐኪሙ ለልቧ ብሎ የሰጣትን ሌላ ኪኒን አስዋጥኳት፤ እሱ ሩጫውን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። መሄጃ ያጣው ለቀስተኛ ቤታችን ገብቶ ተደረደረ። እንዳያወራ ነውር ነው፣ እንዳያለቅስ ሟቿ አልጋዋ ላይ ሆና ታየዋለች። እኔ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ እያበስኩ ጆሮዬ መንገዱ ላይ ነበር። በዕድሜዬ ሚኒባስ እንደዚያ ቀን ናፍቆኝ አያውቅም።

ከቀትር ትንሽ አለፍ ሲል ደረሱ። ባለፋርማሲው አወሳሰዱን ነግሯት ዋጠችው። ኪኒኑ በዚያች ሰዓት ተአምር እንደማይሠራ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከጉሮሮዋ ሲወርድ ሳይ እኔም አብሬ ተነፈስኩ። አጎቴ ከአልጋዋ ጫፍ ተቀመጡ።

«ያን ሙሾ ጨርስልኝ» አለቻቸው።

«ምኑን ሙሾ?»

«ጎተራዬ ቢሞላ ብለህ ነበር። ደግ ነገር ልትልልኝ ነበር መሰለኝ። ስሞት አልሰማህም፣ አሁን በለው።»

አጎቴ ለቅሶ ላይ ግጥም ሲደረድሩ ድንጋይ ያስለቅሳሉ የሚባሉ ሰው ናቸው። ያን ሁሉ ሰው አስከትለው ሲመጡ ያላየሁባቸው እንባ አሁን ጉንጫቸው ላይ ወረደ።

«ከመጋዘኔ ጎን ነበር፣ እታለም» አሉ። «ከመጋዘኔ ጎን።»

እናቴ እጃቸውን ያዘች። እጇ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

«ቤት አልመታም» አለቻቸው። «ግድ የለም፣ እስክሞት ታስተካክለዋለህ።»