ሽማግሌዎቹና የጠፈር መርከቧ

እህቴ ከጅዳ ወደ መካነ ሰላም ስትመለስ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም የድሮ ጌም አመጣች። የጠፈር መርከብ እየነዱ ጠላት ላይ መተኮስ ነው። አባባ ከእሱ አልላቀቅ አለ።

ባለፈው እሁድ እኔን ለትዳር ለመጠየቅ ሽማግሌዎች መጡ። ማስተርሴን መማር ስለምፈልግ አባባ እንቢ ሊልልኝ ቃል ገብቷል። እነሱ እሺታ ሳይሰሙ አይቀመጡምና ቆመው ይጠብቃሉ፤ እሱ ግን «ቆዩኝማ፣ ይቺን ላሳልፋት» ይላል። እኔ ጓዳ ሆኜ ጥርሴን ነክሻለሁ።

«ከላይ መጡብህ፣ ዝቅ በል እንጂ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«እስቲ እርስዎ ይሞክሩት» ብሎ መጫወቻውን ሰጣቸው።

ተቀብለው አጠገቡ ቁጭ አሉ። እናቴ መቀመጣቸውን ከጓዳ አይታ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ጎረቤቶችም ተቀበሏት።

«ደግሞ ማን ሊዳር ነው?» አለ አባባ፣ ዓይኑን ከመርከቧ ሳያነሳ።