የአባዬ ጆሮና አሮጌዋ መኪና

አባዬ መኪናችንን መካኒክ አላስነካም ብሎ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሯል። ይህን የምለው ላሞግሰው ብዬ አይደለም፤ ግማሹ ችሎታ ከሆነ ግማሹ ግትርነት ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ማተሚያ ቤት ውስጥ ከአንድ ግዙፍ ማሽን ጎን ቆሞ ነው ዕድሜውን የፈጀው። ቅዳሜ ጠዋት ቁርሱን ጎረስ ጎረስ ያደርግና ቱታውን ለብሶ፣ ክሪኩን እየጎተተ ወደ ግቢ ይወጣል። የፈታቸውን ብሎኖች በባዶ የወተት ጣሳ ያስቀምጣል፤ የማተሚያ ቤት ሰው ነውና በየጣሳው ላይ የሚለጥፈው ጽሑፍ ከእኔ ዲፕሎማ ይልቅ ያምራል። እማዬ መኪናዋን «ጣውንቴ» ትላታለች። «ጣውንቴ ዛሬ ደግሞ ምኔን አመመኝ አለች?» ስትለው፣ እሱ ቀልዱ አልፎት የምሩን ይመልስላታል። «ካንዴላዋ ጠቁሯል» ይላታል።

አባዬ በሽታ የሚያገኘው በጆሮው ነው። ሌላው ሰው ጎማ ይነቀንቃል፣ ቱቦ ይዳስሳል፤ እሱ ግን የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ደቅኖ ዐይኑን ይጨፍናል። «መኪና ዝም ብላ አትሞትም፤ ቀድማ ታጉረመርማለች። ሰሚ ካገኘች መንገድ ላይ አትጥልም» ይላል። በዚህ የተነሣ በእኛ መኪና ውስጥ ወሬ ክልክል ነበር። የሰው ቤተሰብ እየሳቀና እየተከራከረ ሲሄድ፣ እኛ ከመኪናዋ በቀር ማንም ሳይተነፍስ እንሄዳለን። አንድ ጊዜ ሕጉን ጥሼ ከኋላ ወንበር «አባዬ፣ የማገባውን ሰው አግኝቻለሁ» አልኩት። እጁን አነሣና «ቆይ» አለኝ። ዳር ይዞ ቆመ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ ዐሥር ደቂቃ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ተመልሶ ሲገባ «የውሃ ፓምፑ ነው» አለ። ከዚያ «ማነው ልጁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ዘንድሮ እማዬ ናት ቀድማ የሰማችው። «እንደ ንብ የሚል ነገር አለ» አለችው። አባዬ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠና «ቺንጋው ነው» ብሎ ፈረደ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ቺንጋውን ቀየረ። በሁለተኛው ዲናሞውን አወረደ። በሦስተኛው ደግሞ ከሞተሩ ዙሪያ ያልጠበቀ ብሎን አልቀረም። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ ሲነሣ ጉልበቱ ከመኪናዋ ብሶ ይንቋቋል። ማታ እማዬ ወገቡን ስታሸው እሱ ራሱን ሳይሆን ቺንጋውን ነው የሚራገመው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከሰዓት ሦስታችንም ለሙከራ ወጣን። ድምፁ ብሶበት ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ፍጥነት ሲጨምር ወለሉ እግሬ ሥር ይርገበገባል። አባዬ መሪውን እንደያዘ ፊቱ በርቶ፣ «ጠፋ አይደል?» አለን።

እማዬ «ጠፋ» አለች።

እኔም «ጠፋ፣ አባዬ» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ። አንጀቴን በላኝ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሦስት ቅዳሜ ለፍቶ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼ «አባዬ፣ መኪናዋ ሳትሆን ጆሮህ ነው» የምልበት አፍ ከየት ላምጣ? እሷ ትነግረዋለች ብዬ ወደ እማዬ ገፋሁት፤ እሷም ወደ እኔ ሳትገፋው አልቀረችም። ቴሌቪዥኑ በጎረቤት ግድግዳ አልፎ እስኪሰማ ድረስ ከፍ ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ፤ ሁላችንም እያወቅን ተቀመጥን።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ያላሰብነው ነገር መጣ። አባዬ መኪና ውስጥ ማውራት ጀመረ። የሚያዳምጠው የሞተር ድምፅ ሲያጣ ጊዜ አፉ ተፈታ። መሪውን ይዞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ከእማዬ ጋር ሲጋቡ ስለተከራዩዋት ጣሪያዋ የሚያፈስ ክፍል ያወራል። በልጅነቱ ስለሞተበትና ስሙን እንኳ ጠርቶልን ስለማያውቀው ታናሽ ወንድሙ ያወራል። እማዬ ዳቦ ለመግዛት እንኳ አብራው መሄድ አበዛች፤ ሻርፕ ደርባ፣ ፀጉሯን አበጣጥራ። አንድ ቀን ሲመለሱ ከመኪናዋ ሳትወርድ ረጅም ሰዓት ቁጭ ብላ አየኋት። ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ግን ፈገግ ብላለች።

በዚህ መሃል አክስቴ ጋ ሊሄዱ ተቀጣጠሩ፤ ቅዳሜ፣ የሦስት ሰዓት መንገድ፣ ግማሹ ጠመዝማዛ ቁልቁለት። ይሄኔ ፍርሃት ያዘኝ። ረቡዕ ዕለት ጉዳይ አለብኝ ብዬ መኪናዋን ወሰድኩና ከመሥሪያ ቤቴ ፊት ለፊት ላለው ጋራዥ አሳየሁ። መካኒኩ የፊት ቀኙን ጎማ በክሪክ አንሥቶ ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው፤ ጎማው እንደ ወላለቀ ጥርስ ተነቃነቀ።

«የጎማው ኩሽኔታ አልቋል» አለኝ። «በዚህ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ካለ አስቀሪው፣ እህቴ። ጎማው ቀድሞት ነው የሚደርሰው።»

መካኒኩ አባዬን በዝና ያውቀዋል። «ከፈለግሽ አሁኑኑ ልቀይረውና አባትሽ ሳያውቁ ይለፍ» አለኝ። እሺ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን የዛሬውን ብሰውርለት የሚመጣውን ድምፅ ማን ይሰማለታል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ደግሞ የእሱን በሽታ ከራሱ ደብቀናል። ኩሽኔታውን ብቻ ገዛሁና፣ ብስክሌት እየቀደመኝ ቤት ደረስኩ።

አባዬ ግቢ ውስጥ ነበር። «አባዬ፣ ያ ድምፅ አልጠፋም» አልኩት።

«ምን?»

«ድምፁ አልጠፋም!» ብዬ ጮህኩ። እንዲህ ያለውን ነገር ጎረቤት እየሰማ መጮኽ ምን ያህል እንደሚያም አልነግራችሁም። የኩሽኔታውን ካርቶን ሰጠሁት። ከፍቶ አየውና መልሶ ዘጋው።

«ያን ቀን ጠፋ አላልሽኝም?»

«ዋሽቼህ ነው።»

«እናትሽስ?»

እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። «እኔም ዋሽቼሃለሁ» አለችው። አጠገቡ ድረስ መጣች፤ እንዲሰማት። «በዚህች መኪና ሠላሳ ዓመት አብሬህ ስሄድ አንድ ቀን አላወራኸኝም። ማውራት ስትጀምር ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ገብቶኝ ነው ዝም ያልኩት።»

እኔ ተናደድኩ፤ በእሷም በራሴም። አባዬ ግን አልተቆጣም። መጫሚያው ላይ ያለውን የግሪስ ጠብታ እያየ ቀስ ብሎ «ልገድልሽ ነበር እኮ» አላት። ከዚያ ወደ ቤት ገባ። በዚያ ቀንም ሆነ በማግሥቱ አንዳችንንም አላናገረንም።

ዓርብ ኩሽኔታውን ብቻውን ቀየረ። ላግዝህ ስለው በእጁ ሂጂ አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት እኔም አብሬያቸው ልሄድ ወስኜ፣ ሻንጣችን ተጭኖ፣ ሦስታችንም ገብተን ወደ አክስቴ ጋ ተነሣን። ከሰፈር ወጥቶ ፍጥነት ጨመረ። ወለሉ ዝም ብሏል።

«አለ?» አለኝ አባዬ።

«የለም» አልኩት።

በመስታወቱ ውስጥ ፊቴን አየው። አላመነኝም። እውነቴን ነበር፤ ግን ያኔም የዋሸሁት በዚሁ ድምፅ ነው። እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሣ፤ ወደ ቤት ሊመለስ እንዳሰበ ገባኝ። ደግሞም ያን ቀን ከተመለሰ ሁለተኛ መሪ እንደማይጨብጥ አወቅኩ።

እማዬ እጇን ክንዱ ላይ አደረገችና ዐይኗን ጨፈነች። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ብዙ ቆየች።

«የንቡ የለም» አለች ጮክ ብላ። «ከኋላ በግራ በኩል ግን ሌላ አለ። መሳቢያ ውስጥ ማንኪያ ሲንኳኳ እንደሚለው። ጉድጓድ ስትዘል ብቻ ነው።»

አባዬ ዳር ይዞ ቆመ። ወርዶ ከነልብሱ አስፋልቱ ላይ ተኛና እጁን ወደ ሥር ሰደደ። ሲነሣ አቧራውን እንኳ አላራገፈም።

«የጭስ ማውጫው ማሰሪያ ላልቷል» አላት። «በግራ በኩል።» ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ደስታ ልበለው እንጂ ሌላ ስም የለኝም። በሽቦ አሠረው፣ ገባ፣ ሞተሩን አስነሣ። መንገዱን ቀጠልን።

ትንሽ እንደሄድን ወደ እማዬ ዘንበል አለና «ሌላስ ምን ትላለች?» አላት።

እማዬ አክስቴ ቤት እስክንደርስ ስትነግረው ሄደች።